አግዳሚ የሌለው ጎል

ደቻቱ ላይ ጎል አግዳሚ የለውም። የእኔ ነገር የተበላሸው ገና ከዚያ ነው።

ድሬዳዋ ላላደገ ሰው ላስረዳ። ደቻቱ ከተማችንን ለሁለት የሚከፍል ወንዝ ነው፤ ወንዝ ይባል እንጂ አብዛኛውን ጊዜ አሸዋ ነው። ዝናብ ሲመጣ ጎርፉ እያጓራ ይወርዳል፣ ሰው ድልድዩ ላይ ሆኖ ያየዋል፣ ከዚያ ተመልሶ አሸዋ ይሆናል። የሰፈራችን ልጆች ኳስ የተማርነው እዚያ ላይ ነው። ሁለት ድንጋይ አራርቀን እናስቀምጣለን፤ ጎል ተሠራ። ከላይ ምንም የለም። ኳሷ ከበረኛው ራስ በላይ ካለፈች፣ ገብታለች ወይስ ወጥታለች የሚለውን የሚወስነው ጩኸት ነው። እኔን ደግሞ ፈጣሪ እግር ሲነፍገኝ በጉሮሮ ክሶኛል። በልጅነቴ ካገባኋቸው ጎሎች አብዛኞቹ በክርክር የገቡ ናቸው።

አሸዋ ላይ ኳስ አትቀመጥም፣ ትሰምጣለች። መሃሏን ከመታሃት እዚያው ትቀራለች። ስለዚህ የደቻቱ ልጅ ጣቱን ከኳሷ ሥር ይሰድና፣ ወደ ኋላ ጋደል ብሎ፣ ከነአሸዋው ይዝቃታል። በዚህ የሚስተካከለኝ አልነበረም። ጓደኞቼ "ክሬኑ" ይሉኝ ነበር። ሙገሳ ይመስለኝ ስለነበር እኔም ስሜን ስጠየቅ አንዳንዴ እሱን እናገር ነበር።

የምነግራችሁ ነገር የሆነው ከሁለት ዓመት በፊት ነው። ያኔ አርባዎቹ ውስጥ የገባሁ ትራንዚተር ነበርኩ። ሥራዬ ከጅቡቲ የሚገባን ዕቃ ወረቀት ማስጨረስ ነው፤ የቀረውን ጊዜ ስለ ኳስ አወራለሁ። ከተጫወትኩ ብዙ ዓመት ሆኖኛል፣ ሆዴም ከቀበቶዬ ጋር ከተጣላ ቆይቷል፣ ወሬዬ ግን አንድ ቀን አርጅቶ አያውቅም። አንዲት ልጅ አለችኝ፣ ምሕረት። ያኔ አሥራ አራት ዓመቷ ነበር። ኳስ ትወዳለች ስል የእኔን ዓይነት መውደድ እንዳይመስላችሁ፤ እሷ ስለ ኳስ አታወራም፣ ትጫወታለች።

ባለቤቴ ዓለምነሽ የሂሳብ አስተማሪ ናት። ነገር ማንዛዛት አትወድም። ለታዳጊ ሴቶች ቡድን ምርጫ ሊደረግ ነው የሚል ማስታወቂያ ሲወጣ እራት ላይ ሁለታችንንም አየችንና ውሳኔዋን ተናገረች።

"ከተመረጠች ትጫወት። ታኬታውንም ራሴ ነኝ የምገዛላት። ካልተመረጠች ግን ኳስ እዚህ ላይ አበቃ፣ ወደ ደብተሯ ትመለሳለች። ተስማማን?"

ምሕረት እጇን ዘረጋችና ተጨባበጡ። እኔ ማንም ሳይጠይቀኝ "አሰልጣኟ ማን ሆነና ነው የምትሰጊው?" አልኩ። ዓለምነሽ ሽሮውን ወደ እኔ ገፋ አደረገችልኝ።

ከዚያን ቀን ጀምሮ ሌሊት አሥራ አንድ ሰዓት እየቀሰቀስኩ ልጄን ደቻቱ አወርዳት ጀመር። ድሬ ፀሐይ ከወጣች በኋላ ልምምድ የሚባል ነገር የለም። ሁለት ድንጋይ አስቀምጣለሁ፣ ኳሷን አሸዋው ላይ አኖራለሁ፣ ከዚያ ጉሮሮዬን ከፍቼ "ከሥሯ!" እላለሁ። ምሕረት ትዝቃታለች። "ድገሚ!" ትዝቃታለች። "ከሥሯ! ድገሚ!" ልጅቷ እየጣረች፣ እኔ እየጮህኩ ይነጋል። ድልድዩ ላይ የሚያልፉ ሰዎች ቆም ብለው ያዩናል፤ እያደነቁኝ ይመስለኝ ነበር።

የምርጫው ቀን ቅዳሜ ደረሰ። ሜዳው ሰው ሠራሽ ሳር የለበሰ ነው፤ ጎሎቹ ነጭ ቀለም የተቀቡ የብረት ጎሎች፣ መረብ ያላቸው፣ አግዳሚ ያላቸው። ከጎሉ ጀርባ የግንብ አጥር አለ፣ ከአጥሩ ማዶ መንገድ። አሰልጣኟ ፈቲያ ትባላለች፤ አጠር ያለች፣ ጥቁር ሻሽ ያሰረች፣ ሳትጮህ የምትደመጥ ሴት። ልጆቹን አሰለፈችና ተራ በተራ ወደ ጎል እንዲመቱ አዘዘች።

የምሕረት ተራ ሲደርስ እኔ ከወላጆች ፊት ቀድሜ ቆምኩ። "ከሥሯ!" አልኩ። ኳሷ አግዳሚውን አለፈች፣ ግንቡን አለፈች፣ መንገድ ላይ ወደቀች። "ምንም አይደል፣ ድገሚ! ከሥሯ!" ሁለተኛዋም እንደዚያው። ሦስተኛዋ ከሁሉም በላይ ከፍ ብላ ሄደች። በኋላ አንድ የባጃጅ ሹፌር ኳሶቹን በክንዱ አቅፎ በበሩ ገባና "ወርያ፣ እነዚህን ማነው የሚወረውርብን? የባጃጄን ሸራ ሊቀዱት ነው" አለ። ወላጆቹ ሳቁ። ምሕረት አልሳቀችም፤ ከንፈሯን ነክሳ መሬት መሬቱን ታያለች።

ሲያልቅ ፈቲያ ጠራችኝ።

"ይቺን ልጅ ማነው ያሠለጠናት?"

"እኔ ነኝ" አልኩ፣ ደረቴን ነፋ አድርጌ። እንዴት እንደነፋሁት እስከ ዛሬ ይገርመኛል።

"ደቻቱ ላይ?"

"በምን አወቅሽ?"

"አቦ፣ እግሯ አሸዋ ይዝቃል እኮ። አሸዋው የለም፣ እሷ ግን ትዝቃለች።" ወደ ምሕረት ዞር ብላ አየቻት። "ጉልበት አላት፣ ዓይኗም ጥሩ ነው። ረቡዕ የመጨረሻ ምርጫ አለ፣ እንደገና አያታለሁ። እንደ ዛሬው ከመታች ግን ልወስዳት አልችልም።"

ቤት ስንገባ ዓለምነሽ "እህሳ?" አለች።

"ሜዳው ችግር አለበት" አልኩ። "ሳሩ ላስቲክ ነው።"

"ሜዳው ደህና ነው፣ እማዬ" አለች ምሕረት። "ችግሩ እኔ ጋ ነው።" ይህን ብላ ክፍሏ ገብታ በሩን ዘጋች። ያቺ ቃል አንጀቴን በላችው። ቢሆንም መፍትሔ ያልኩት ነገር የተለመደው ነበር፤ ልምምድ አንሷት ነው፣ እንጨምራለን።

እሑድ ንጋት ላይ ደቻቱ ወረድን። አስመታኋት፣ አስመታኋት፤ በእኔ ሚዛን አንዷም አልሳተችም። ፀሐይ ስትበረታ ምሕረት አንዱ ድንጋይ ላይ ተቀመጠች።

"አባዬ፣ አግዳሚው የት ጋ ነው?"

"የምን አግዳሚ?"

"የጎሉ። እንዲህ ስመታ መግባቷን በምን ነው የምናውቀው?"

አፌን ከፈትኩ። በልጅነቴ ይህን ጥያቄ በጩኸት ነበር የምመልሰው፤ የአሥራ አራት ዓመት ልጄ ላይ እንዴት ልጩህ? ኳሷን አንስቼ "ቁርስ ደርሷል፣ እንሂድ" አልኩ።

ምሕረት ግን የእናቷ ልጅ ናት፣ የጀመረችውን ሳትጨርስ አትተውም። ቁርስ በላን፣ እኔም ሽርጤን አገለደምኩ፤ ድሬ ላይ እሑድ ቀን ሱሪ የሚለብስ ወንድ ጤናው ያጠራጥራል። ምሕረት በራችን ፊት ያለው የጎረቤት ግንብ ላይ በጠመኔ መስመር አሰመረች። መሬቱ ሲሚንቶ ነው።

"አግዳሚው ይህ ነው። አንተ ምታ" አለችኝ።

ሳቅኩ። ክሬኑ እኮ ነኝ። ሁለት እርምጃ ወደ ኋላ አልኩና መታሁ። ኳሷ ከመስመሩም፣ ከግንቡም በላይ ሄደች፤ ሽርጤም ተፈታ። ሽርጤን በሁለት እጄ ይዤ እንደቆምኩ ከግንቡ ወዲያ አንድ ነገር ዷ ሲል ተሰማ። ብዙም ሳይቆይ ጎረቤታችን እማ ሐዋ ወጡ። ባጅያ ጠብሰው የሚሸጡ ሴት ናቸው። ኳሷን ይዘዋታል፣ ኳሷ ደግሞ ከላይ እስከ ታች የባጅያ ሊጥ ናት።

"ጌታሁን፣ ይቺን ልጥበስልህ?" አሉኝ።

ይቅርታ ጠየቅኩ፣ ኳሷን አጠብኩ፣ ሽርጤን አጥብቄ አሰርኩ። "አሁን ዝቅ አድርጌ እመታለሁ" ብዬ ለልጄ ቃል ገባሁላት። ዝቅ አድርጌ ልመታ አሰብኩ፣ ቆረጥኩ፣ መስመሩን በዓይኔ ያዝኩ። ኳሷ እማ ሐዋ ጋ ገባች። ለሦስተኛ ጊዜ ሞከርኩ፤ እማ ሐዋ ሳይወጡ ከውስጥ "አሁንስ ዋላሂ እጠብሳታለሁ!" ሲሉ ሰማን።

ሌላው ሁሉ ያስቃል፣ ይህኛው ግን አስደነገጠኝ። እግሬ አልሰማኝም። እኔ አንድ ነገር አዝዣለሁ፣ እሱ ሠላሳ ዓመት የለመደውን ነው የሠራው። ያንኑ እግር ነው ለልጄ ያወረስኳት። ስጮህባት የከረምኩት ሁሉ ስህተቷን የሚያጠብቅ ጩኸት ነበር። ግንቡን ተደግፌ ቁጭ አልኩና "ምሕረት፣ ይቅርታ አድርጊልኝ" አልኳት። አጠገቤ ተቀመጠች። "እሺ፣ አሁን ምን እናድርግ?" አለችኝ።

ሰኞ ከሥራ ቀደም ብዬ ወጣሁና ምሕረትን ይዤ ፈቲያ ጋ ሄድኩ። ያለ ማስተባበያ ነገርኳት። ሳቀች፣ ግን አልሳቀችብኝም።

"ደቻቱ ዓመቱን ሙሉ ደርቆ ይከርማል አይደል?" አለችኝ። "ጎርፉ የመጣ ቀን መንገድ ሲጠይቅ አይተህ ታውቃለህ? መውረጃውን ያውቀዋል። ጭንቅላትም እንደዚያ ነው። አንድን ነገር በደጋገምክ ቁጥር መውረጃ ይቆፍርለታል። ልክ ይሁን ስህተት ይሁን አይመርጥም፣ የደጋገምክለትን ይይዛል።"

"እንግዲያው እንድፈነው።"

"አይደፈንም። አጠገቡ ሌላ መቆፈር ነው ያለብን። አዲሱ እስኪጠልቅ ድረስ ደግሞ፣ በደነገጠች ቁጥር ውኃው ወደ አሮጌው ይሄድባታል።"

"በሁለት ቀን ይቆፈራል?"

"አይቆፈርም። ረቡዕ ማየት የምፈልገው መቆፈር መጀመሯን ነው።"

ከዚያ ያደረገችው ነገር ትዕግሥቴን ጨረሰው። ኳሷን ወሰደችባት። ምሕረት በዝግታ ትራመዳለች፣ ግራ እግሯን ታሳርፋለች፣ ደረቷን ወደ ፊት ትሰብራለች፣ ቀኟን ታመጣና ታቆማለች። "አሁን እግርሽ የት ነው?" ትላታለች ፈቲያ። "ክብደትሽስ?" ልጅቷ አስባ ትመልሳለች። እንደገና። ጥቂት ከሠሩ በኋላ ፈቲያ "በቃሽ፣ ዕረፊ" አለቻት።

"ለዚህ ነው የመጣነው? ገና ላብ እንኳ አልወጣትም" አልኩ።

"ልቧ ሌላ ቦታ ሆኖ መቶ ጊዜ ብትመታ የምትቆፍረው አሮጌውን ነው። ልብ ብላ የሠራችው ነው የሚቆጠረው። ማታ ደግሞ በደንብ ትተኛ፤ የቀኑን ልምምድ ጭንቅላቷ የሚያጠብቀው ስትተኛ ነው። ስንት ሰዓት ነው የምትነሳው?"

"ሌሊት አሥራ አንድ ሰዓት" አለች ምሕረት፣ ወደ እኔ እያየች። እኔ ወደ ሰማይ አየሁ።

ፈቲያ ኳሷን ስትመልስላት ምሕረት ቀስ ብላ መታቻት፤ ኳሷ ከአግዳሚው ሥር ገባች። ሁለተኛዋም ገባች። ሦስተኛዋን ልትመታ ስትነሳ ደስታዬ አቅም አሳጣኝና አፌ ራሱን ከፈተ። "ከሥሯ!" ኳሷ ግንቡን አለፈች።

ፈቲያ ቀስ ብላ ዞረች። "አሮጌው መውረጃ በር አለው ለካ" አለች። "በሩ አንተ ነህ።" ልትፈትነኝ ፈልጋ አንዴ ዝም አስባለችኝ፣ አንዴ አስጮኸችኝ። ዝም ስል ትገባለች፣ ስጮህ ትወጣለች። ልጄን ከምርጫው የሚያስቀራት የራሴ ድምፅ ሆኖ ተገኘ።

መፍትሔው ውኃ ነበር። ፈቲያ የውኃ ፕላስቲኳን ሰጠችኝና "ጎንጭተህ ያዝ፣ እንዳትውጥ" አለችኝ። ለነገረኛ ባሏ መልስ እንዳትሰጥ ጠበል በአፏ የያዘችው ሴት ተረት አለ፤ እሷን ሆንኩላችሁ። መጀመሪያ ላይ ውኃውን ዋጥኩትና ጮህኩ። ቀጥሎ ሳልውጥ ጮህኩ፤ ውኃው የፈቲያ ጫማ ላይ አረፈ። ማክሰኞ ማታ ላይ ጉንጬን ነፍቼ፣ ዓይኔን አፍጥጬ፣ እስከ መጨረሻው ዝም ማለት ቻልኩ። ምሕረት ግን ገና ነበረች። ሁለቱን ታገባለች፣ አንዷን ትሰዳለች።

ረቡዕ ዓለምነሽም መጣች። ሜዳው በር ላይ ስንደርስ ውኃዬን በእጄ ይዤ ነበር፤ ግን ራሴን አውቀዋለሁ። የሠላሳ ዓመት አፍ በሁለት ቀን አይታመንም። ልጄ የምትወደውን ነገር ዛሬ ታጣዋለች ወይም ታገኘዋለች፣ ይህ በእኔ አንዲት ቃል እንዲወሰን አልፈለግኩም።

"እናንተ ግቡ" አልኩ። "እኔ እዚህ እሆናለሁ።"

ዓለምነሽ ግንባሬን ዳሰሰች። "አሞሃል?"

"ደህና ነኝ። ግቡ።" ምሕረት ቆይታ አየችኝና ገባች።

ዞሬ ከጎሉ ጀርባ፣ ግንቡ ሥር ሄድኩ። የቅዳሜው የባጃጅ ሹፌር ጥላ ሥር ቆሟል። "ወርያ፣ ዛሬም ኳስ ይዘንባል?" አለኝ። ውኃ ጎንጭቼ ስለነበር በእጄ "እግዜር ያውቃል" አልኩት። ፊሽካ ተነፋ። የምት ድምፅ እሰማለሁ፣ ሰማይ ሰማይ አያለሁ። ማን እየመታ እንደሆነ አላውቅም። ምት፣ ዝም። ምት፣ ዝም። ከዚያ አንዲት ኳስ ከግንቡ በላይ ብቅ አለች፣ ከፍ ብላ፣ ወደ ኋላ እየተሽከረከረች። ያቺን ምት የትም አውቃታለሁ። የእኔ ናት።

ኳሷ ነጥራ እግሬ ሥር መጣችና የመንገዱ ዳር አሸዋ ላይ ቆመች። አፌ "ምሕረት!" ሊል ተነሳ፤ ግን ውኃውን አጥብቆ ያዘ። ሹፌሩ ኳሷን ሊያነሳ ጎንበስ ሲል በእጄ ከለከልኩት። አስቡት፤ ኳሷ አሸዋ ላይ ናት፣ ግንቡ ፊቴ ነው፣ መሄድ ያለባትም ከግንቡ በላይ ነው። በሕይወቴ ለመጀመሪያ ጊዜ የእኔ ምት የሚያስፈልግበት ቦታ ተገኘ። ጣቴን ከሥሯ ሰደድኩ፣ ጋደል አልኩ፣ ከነአሸዋው ዛቅኳት። ግንቡን አልፋ ገባች። ሹፌሩ አጨበጨበ።

ከዚያ በኋላ ጠበቅኩ። ምት፣ ዝም። ምት፣ ዝም። ብዙ ቆየሁ። ኳስ አልመጣም። ውኃው አፌ ውስጥ ሞቀ።

በሩ ሲከፈት ሮጥኩ። ምሕረት ፊቷ ላብ በላብ ነው፣ ምኑም አይነበብም። ውኃውን ተፋሁት።

"ኳሷን የመለስካት አንተ ነህ፣ አይደል?" አለችኝ።

"በምን አወቅሽ?"

"ድሬ ውስጥ እንደዚያ የሚመታ ሌላ ሰው የለም።" ትንፋሿን ሰበሰበች። "ሁሉም ሲያየኝ ደነገጥኩ፣ እግሬ ራሱ ሄደብኝ። አለቀልኝ ብዬ ነበር። ከዚያ ኳሷ ተመልሳ መጣች። እዚያ ቆመህ ዝም እንዳልክ ገባኝ፣ ሳቄ መጣ። ከሳቅኩ በኋላ እግሬ የት እንዳለ አወቅኩ።"

"ከዚያስ?"

"ከዚያ በኋላ ግንቡን ያለፈች ኳስ አይተሃል?"

"አላየሁም።"

"እንግዲያው።"

ዓለምነሽ የልጅቷን ቦርሳ ተሸክማ ከኋላ ደረሰች። ዓይኗ ቀልቷል፣ አልቅሳለች፣ ብትጠየቅ ግን አታምንም። ኮስተር ብላ "ታኬታ ታይዋን ገበያ ይገኛል?" ብላ ጠየቀችኝ።

እንግዲህ አንባቢዎቼ፣ ስለ ጭንቅላት ለማስተማር ዕውቀቱ የለኝም፤ ፈቲያ ካለችኝ በላይ አላውቅም። ግን ከዚያ ወዲህ ራሴን መከታተል ጀምሬያለሁ። ቢሮ ውስጥ ወረቀት ሲዘገይ የምናገራት አንዲት ቃል አለችኝ፣ ዓመታት ደጋግሜያታለሁ፤ ተናግሬያት አንድም ወረቀት ፈጥኖ አያውቅም። "ልምድ አለኝ" እል የነበረው ብዙው ነገር፣ አግዳሚ በሌለው ጎል ላይ ያገባሁት ነበር። እናንተም አንድ ነገር ላይ ጎበዝ እንደሆናችሁ ከተሰማችሁ ቀና ብላችሁ እዩ፣ አግዳሚ አለው?

ምሕረት አሁን በቡድኗ ውስጥ አጥቂ ናት። ቅዳሜ ጠዋት፣ ፀሐይ ሳትበረታ፣ ሁለታችን ያ ሜዳ እንሄዳለን። አሁን የምሠለጥነው እኔ ነኝ። በዝግታ እራመዳለሁ፣ ግራ እግሬን አሳርፋለሁ፣ ሆዴ ባይፈቅድም ደረቴን ወደ ፊት እሰብራለሁ። አብዛኞቹ አሁንም ግንቡን ያልፋሉ፤ የባጃጅ ሹፌሩ ሸራውን ቀይሯል። ባለፈው ሳምንት ግን አንዷ ዝቅ ብላ ሄደች፣ ከአግዳሚው ሥር ገብታ መረቡን ነካች። ወዲያው ዞሬ ምሕረትን አየኋት። ጉንጯን ነፍታ፣ ዓይኗን አፍጥጣ፣ ውኃ በአፏ ይዛ ቆማለች።